ጠመንጃ ሊሠሩበት ፈልገው ቢላዋ የሆነው ብረት

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ ከመጀመርህ በፊት እስቲ ወደ ማድ ቤት ጎራ በልና አንድ ቢላዋ አንሣ። እንጀራ በእጅ እንጂ በቢላዋና በሹካ አይበላም ብትለኝ እውነትህን ነው፤ ነገር ግን ሽንኩርት የሚከተፍበት፣ ሎሚ የሚሰነጠቅበት ቢላዋ ከቤትህ አይጠፋም። ሎሚ ቢነካው አይጠቍርም፤ ታጥቦ ሳይወለወል ቢያድርም አይዝግም። አያቶችህ ይጠቀሙበት የነበረው ቢላዋ ግን እንዲህ አልነበረም። ሎሚ ሲነካው ይጠቍራል፤ ውሃ ካደረበት እንደ በርበሬ የቀላ ዝገት ያወጣል። ይህን የማይዝግ ቢላዋ ለዓለም ያበረከተው ሰው ሲፈልግ የነበረው ታዲያ ቢላዋ አልነበረም። የጠመንጃ አፈሙዝ ነበር።

ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ልንገርህ። እግረ መንገዳችንንም ዛሬ ጠመንጃ የሚሠሩ ሰዎች አንዱን ብረት ከሌላው የሚመርጡት በምን ምክንያት እንደ ሆነ እንመለከታለን። ጠመንጃ የመግዛት አሳብ የለኝም ትል ይሆናል፤ እኔም የለኝም። ነገር ግን በዚህ ምርጫ ስሕተት ምክንያት ሰዎች የሞቱበት ጊዜ ስለ ነበረ፣ ታሪኩ ለባለ ጠመንጃ ብቻ የሚተው አይደለም። ከዚህ በታች የምታገኛቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አፈሙዝን የሚበላው ምንድን ነው?

ጠመንጃ ሰደፍ አለው፣ ምላጭ አለው፣ ማነጣጠሪያ አለው። ከሁሉ ዋናው ግን አፈሙዙ ነው፤ ይኸውም ጥይቱ ከሚተኛበት ክፍል ጀምሮ እስከ ጫፉ ድረስ ያለው የብረት ቱቦ ነው። ወደ ውስጡ ብትመለከት ልሙጥ ሆኖ አታገኘውም። ዙሪያውን እየተጠመዘዙ የሚሄዱ ቦዮች ተቀርጸውበታል። አረሩ በእነዚህ ቦዮች ተይዞ ሲያልፍ እንደ እንዝርት እየሾረ ይወጣል፤ ስለሚሾርም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቦዮቹ ከተበሉ ግን አረሩ በአየር ላይ ይገለባበጣል፤ ተኳሹ የቱንም ያህል ዐይነ ጥሩ ቢሆን ዒላማውን ይስታል።

ብዙ ሰው ቦዮቹን የሚበላቸው የአረሩ ፍትጊያ ይመስለዋል። ፍትጊያውም የበኩሉን ያደርጋል፤ ዋናው በሊታ ግን እሳቱ ነው። ዓረብ ብረት 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። ጭስ አልባ ባሩድ ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ግን ከ2,500 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ታዲያ አፈሙዙ በመጀመሪያው ተኩስ እንደ ሻማ የማይቀልጠው ለምንድን ነው ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። መልሱ የጊዜው ማጠር ነው። አረሩ አፈሙዙን አልፎ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ እምብዛም አይበልጥም። ጣትህን በሻማ ነበልባል ውስጥ ፈጥነህ ብታሳልፈው አትቃጠልም፤ ሺሕ ጊዜ ብታመላልሰው ግን ወዮልህ! አፈሙዙም እንደዚሁ ነው። በዚያ ላይ ግፊቱ አለ፤ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 3,500 ኪሎ ያህል ይጫናል። ከዚህ የተነሣ ጥይቱ ከሚተኛበት ክፍል ቀጥሎ ያለው የቦዮቹ መነሻ በበጋ እንደ ደረቀ የዋልካ መሬት ይሰነጣጠቃል። ጋዙም በየስንጥቁ እየገባ ብረቱን እየፈረፈረ ይወስደዋል።

ሁለተኛው ጠላት ዝገት ነው። በቀለሁ ቂጥ ያለችው ትንሽ ማቀጣጠያ ለረጅም ዘመን የምትሠራው ፖታሲየም ክሎሬት ከሚባል ቅመም ነበር። ይህ ቅመም ነዶ የሚተወው ዝቃጭ ለምግብ ጨው የቅርብ ዘመድ የሆነ ጨው ነው። ጨው ደግሞ በክረምት ማድ ቤት ውስጥ እንደምታየው ከአየር እርጥበት ይስባል። ወታደሩ ከተኰሰ በኋላ አፈሙዙን በዘይት ቢወለውለው አይረባውም፤ ጨው በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟምና። ስለዚህ የእንግሊዝ ወታደሮች በጠመንጃቸው አፈሙዝ ውስጥ የፈላ ውሃ ያፈሱ ነበር። ውሃ ብረትን ያዝጋል ብሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ቢያይ ያበዱ ይመስለዋል። ነገር ግን ውሃው ጨዉን ያጥበዋል፤ የብረቱም ትኵሳት የቀረውን እርጥበት ያደርቀዋል።

ይህ ሁሉ ችግር በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። አባቶቻችን ውጅግራ የሚሉት ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ፉዚል ግራ ከሚለው የፈረንሳይ ስም ነው፤ ሰናድር ከስናይደር፣ ምንሽርም ከማንሊኸር እንደ መጡ ሁሉ። በ1896 በአድዋ ጦርነት በብዙ ወታደር እጅ የነበረው ይህ የ1874 ሥሪት ጠመንጃ የሚተኩሰው በጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ ጭሱ ብዙ ስለ ሆነ ተኳሹ ያለበትን ቦታ ለጠላት ይናገርበታል። እሳቱ ግን እንደ ጭስ አልባው አይበረታም፤ አረሩም ለስላሳ እርሳስ ነው። ስለዚህ የውጅግራ አፈሙዝ ጥላሸቱ ታጥቦ ከተቀመጠ ዕድሜው ረጅም ነው።

በ1886 ግን ፈረንሳዮች ፖል ቪዬይ የተባለው ኬሚስት የሠራውን ጭስ አልባ ባሩድ ይዘው ለበል የሚባለውን ጠመንጃ አወጡ። የቀሩትም መንግሥታት ተከተሉ። እንግሊዞች ኮርዳይት የሚባለውን ባሩድ ሠሩ፤ በዚህም ውስጥ ከመቶው 58 እጅ የሚሆነው ናይትሮግሊሰሪን ነበር። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ወታደር የያዘው በ1888 የወጣው ሊ ሜትፎርድ ነው። የዚህ ጠመንጃ ቦዮች ጥቁር ባሩድ በሚተወው ጥላሸት እንዳይደፈኑ ተብለው ጥልቀታቸው አነስተኛ፣ ጠርዛቸውም የተድበለበለ ነበር። ኮርዳይት ሲተኰስባቸው ጊዜ ቦዮቹ በጥቂት ሺሕ ጥይት ውስጥ ተፍቀው እየጠፉ አስቸገሩ። በ1895 ጠለቅ ያሉና ጠርዛቸው የቆመ ቦዮች ተቀረጹ፤ ሊ ኤንፊልድ የሚባለው ጠመንጃ የመጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ቈይቶም የኮርዳይቱ እሳት በረድ እንዲል ናይትሮግሊሰሪኑ ወደ 30 እጅ ተቀነሰ።

እንግዲህ ልብ በል፤ የቦዩን ቅርጽ ለወጡ፤ የባሩዱን ቅመም ለወጡ። እስካሁን ያልተነካው ብረቱ ራሱ ነበር።

ጠርሙስ አጣቢው ልጅ

ሼፊልድ በእንግሊዝ አገር በብረትና በቢላዋ ሥራ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። ሃሪ ብሬርሊ በዚያች ከተማ በ1871 ተወለደ። አባቱ በብረት ማቅለጫ የሚሠራ ድኻ ሰው ነበር። ልጁም በ12 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በቶማስ ፈርዝ ኩባንያ ላቦራቶር ውስጥ ጠርሙስ አጣቢ ሆኖ ተቀጠረ። ቀን ጠርሙስ ያጥባል፤ ማታ ማታ ኬሚስትሪ ያጠናል። ቀን በቢሮ ውለህ ማታ ለትምህርት የምትሄድ አንባቢ ካለህ፣ ይህ ሰው የአንተ ብጤ እንደ ነበር እወቅ። በ1908 ሁለት የሼፊልድ ኩባንያዎች ተባብረው አንድ የምርምር ላቦራቶር ሲያቋቁሙ የበላይ አድርገው የሾሙት የቀድሞውን ጠርሙስ አጣቢ ነበር።

በ1912 አንድ ጥያቄ መጣለት። የጠመንጃ ሠሪዎች አፈሙዛችን በእሳቱ ቶሎ እየተበላ አስቸገረን አሉ። ብሬርሊም በብረቱ ላይ ክሮሚየም የሚባለውን ማዕድን ቢጨምርበት እሳቱን ይቋቋም ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ክሮሚየም ያለበት ብረት ለመቅለጥ እንደሚያስቸግር ያውቅ ነበርና። መጠኑን እያበዛና እያሳነሰ ብዙ ዓይነት ብረት አቀለጠ። ኦገስት 13 ቀን 1913 ያቀለጠው ከመቶው 12.8 እጅ ክሮሚየም፣ 0.24 እጅ ካርቦን ነበረው።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ብሬርሊ ያልተሳኩትን ቍርጥራጮች ከግቢ ወዲያ ጥሏቸው፣ ከወራት በኋላ ሲያልፍ አንዱ ብቻ ሳይዝግ ሲያበራ አየው እያሉ ያወራሉ። ለወሬ ያመቻል። ዋናው ነገር የሆነው ግን በላቦራቶር ጠረጴዛ ላይ ነው። የብረትን ውስጣዊ ጠባይ ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ቍራጩን እንደ መስተዋት ይወለውለዋል፤ ቀጥሎ በአልኮል የተበረዘ ናይትሪክ አሲድ ይቀባዋል። አሲዱ ብረቱን በጥቂቱ ሲበላው የውስጡ ቅንጣቶች በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ይህ አዲስ ብረት ግን በአሲድ አልበላ አለ። ለመርማሪ ይህ ትልቅ ችግር ነው፤ ሥራውን ያስተጓጕልበታልና። ብሬርሊ ግን በሼፊልድ ያደገ ሰው በመሆኑ ችግሩን ገልብጦ አየው። አሲድ ያልበላውን ኮምጣጤና ሎሚ ይበላው ይሆን ብሎ ሞከረ። አልበሉትም። ያን ጊዜ አሳቡ ከጠመንጃ ተነሥቶ ወደ ቢላዋ ሄደ።

የከተማው ቢላዋ ሠሪዎች ግን አልተቀበሉትም። በለመዱት እሳት አግለው በለመዱት መንገድ ቢያጠነክሩት ብረቱ ስለት አልይዝ አላቸው። የማይቈርጥ ቢላዋ የፈለሰፈው ሰው እያሉ አፌዙበት። በመጨረሻ ኧርነስት ስቱዋርት የተባለ የአንድ ቢላዋ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ብረቱ የሚፈልገውን ከፍ ያለ ሙቀት አገኘለት። ቢላዋውን በኮምጣጤ ፈትኖ እድፍ እንዳልያዘ ሲያይም እድፍ የለሽ፣ ማለት ስቴንለስ፣ ብሎ ሰየመው። ብሬርሊ ራሱ ዝገት የለሽ እያለ ይጠራው ነበር፤ ስሙ የጸናው ግን የስቱዋርት ነው። ብሬርሊም በመብቱ ምክንያት ከአሠሪዎቹ ጋር ተጣልቶ ሥራውን ለቀቀ። በ1948 ዐረፈ።

ብሬርሊ ብቻውን ነበር ማለቴ አይደለም። ክሮሚየም የተቀላቀለበት ብረት አሲድን እንደሚቋቋም ፈረንሳዊው ፒየር ቤርትዬ በ1821 አስተውሎ ነበር። በ1912 በጀርመን አገር የክሩፕ ኩባንያ ሊቃውንት ክሮሚየምና ኒኬል ያለበትን ሌላ ዓይነት የማይዝግ ብረት በፓተንት አስመዝግበዋል። በአሜሪካም ኤልውድ ሄይንስ የተባለው መሐንዲስ በዚሁ ሥራ ላይ ነበር። ይህን የሄይንስን ስም አትርሳው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጠመንጃውስ? ጠመንጃው የተፈለገለትን ብረት ሳያገኝ ቀረ። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ አዲሱ ብረት ለአውሮፕላን ሞተር ቫልቭ ዋለ፤ የእንግሊዝ ወታደር ግን አራቱን ዓመት ሙሉ የተዋጋው አፈሙዙ ከሚዝግ ብረት በተሠራው ሊ ኤንፊልድ ነበር።

በማግኔት የሚታወቅ ነገር

አሁን ወደዚያው ቢላዋ እንመለስ። ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጕያ ውስጥ ማግኔት ብታገኝ ወደ ቢላዋው አስጠጋው፤ ይይዘዋል። ቀጥሎ ወደ ማንኪያው አስጠጋው፤ ማንኪያው ደኅና ሥሪት ከሆነ ማግኔቱ አይዘውም፤ ቢይዘውም በጥቂቱ ነው። ሁለቱም የማይዝግ ተብለው ይሸጣሉ፤ ግን ሁለት ዓይነት ናቸው። ማንኪያው የክሩፕ ሊቃውንት ወገን ነው፤ ከመቶው 18 እጅ ያህል ክሮሚየም፣ 8 እጅ ያህል ደግሞ ኒኬል አለበት። ዝገትን እጅግ ይቋቋማል፤ ነገር ግን ለስላሳ ነው፤ በእሳት አግለህ ብታጠልቀው አይጠነክርም። ቢላዋው የብሬርሊ ወገን ነው፤ ክሮሚየሙ አነስ ያለ፣ ኒኬል የሌለው፣ በእሳት የሚጠነክር። የዝገት መቋቋሙ ግን ከማንኪያው ያነሰ ነው።

የሁለቱም ምሥጢር አንድ ነው። ክሮሚየሙ ከመቶው 10.5 እጅ ያህል ከደረሰ በብረቱ ገጽ ላይ ከአየር ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ዐይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ቢጫር አየር እስካገኘ ድረስ ራሱን ይጠግናል። ጨው ግን የዚህ ሽፋን ባላጋራ ነው። ስለዚህ የማይዝግ የሚለው ስም ትንሽ ያጋነነ ነው፤ ዝገት የሚያስቸግረው ቢባል ይበልጥ እውነት በሆነ ነበር።

ለጠመንጃ አፈሙዝ የሚሆነው የቢላዋው ወገን ነው። የዛሬ አፈሙዝ ሠሪዎች በቍጥር 416 የሚሉት ብረት ከ12 እስከ 14 እጅ ክሮሚየም አለው፤ ካርቦኑ ጥቂት ነው፤ ሆን ተብሎም ድኝ ይጨመርበታል። ድኝ ከብረት ጋር ምን አገናኘው ትል ይሆናል። ከትንሽ ጣት የቀጠነ ጕድጓድ በስድሳና በሰባ ሴንቲሜትር ብረት ውስጥ ቀጥ አድርጎ መሰርሰር ቀላል ሥራ አይደለም። ፍቅፋቂው ረጅም እንደ ሆነ ከተጠቀለለ መሰርሰሪያውን ያንቀዋል፤ ቦዩንም ይቧጥጠዋል። ድኙ ፍቅፋቂው እየተሰበረ እንዲወጣ ያደርገዋል። ቶርኖ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሳልነግረውም ያውቀዋል። ነገር ግን ድኙ በነፃ አይሠራም፤ ብረቱ ዝገትን የመቋቋም ኀይሉን በመጠኑ ይቀንስበታል፤ ብርቱ ብርድ ባለበት አገርም ተሰባሪነት ያመጣበታል።

ከእርሱ ጋር የሚወዳደረው ክሮሚየምና ሞሊብዲነም በጥቂቱ የተቀላቀሉበት ዓረብ ብረት ነው፤ ሠሪዎቹ 4140ና 4150 በሚሉ ቍጥሮች ይጠሩታል። ክሮሚየሙ አንድ እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ይዝጋል። ነገር ግን ጠንካራና ቻይ ነው፤ ዋጋውም ይቀላል። ከዝገት የሚጠብቁት ጥቁር ሰማያዊ ቀለም በማልበስ ነው። ይህ ቀለም የሚቀባ ቀለም አይደለም። ራሱ የብረት ኦክሳይድ፣ ማለት የተገራ ዝገት ነው፤ ቀዩን ዝገት በጥቁሩ ይከለክሉታል። ዘይት ካልታከለበት ግን ብዙ አይጠብቅም።

ወታደሩ የከፈለው ዋጋ

የጦር ሠራዊት ከጠመንጃው የሚፈልገው ነገር ከአዳኙ የተለየ ነው። ጠመንጃው በጭቃ ይወድቃል፤ ሳይታጠብ ሳምንት ያድራል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ጥይት ይተኰስበታል። በዚህ ላይ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ስለሚገዛ ዋጋው ይታሰባል። ስለዚህ ብዙ ሠራዊቶች መካከለኛውን መንገድ መረጡ፤ ይኸውም አፈሙዙን በተራው ዓረብ ብረት ሠርተው ውስጡን ብቻ በኤሌክትሪክ ኀይል በክሮሚየም መለበጥ ነው። ልባጩ ከሰው ጠጕር የቀጠነ ነው፤ ግን እጅግ ጠንካራና አንሸራታች ነው፤ የሚቀልጠውም ከ1,900 ዲግሪ በላይ ነው። ጃፓኖች በ1939 ባወጡት ዘጠና ዘጠኝ በሚሉት አሪሳካ ጠመንጃ ላይ ይህን አደረጉ፤ ጦርነቱ ወደ መጨረሻው ሲቃረብና ዕቃ ሲያጥራቸው ልባጩን ተዉት። ሶቪየቶችም የክላሽንኮፍን አፈሙዝ ይለብጡት ነበር።

አሜሪካኖችም ይህን ያውቁ ነበር። ኤም 14 የተባለው ጠመንጃቸው በክሮሚየም የተለበጠ ነበር። ነገር ግን በ1960ዎቹ በእርሱ ፈንታ ቀላሉን ኤም 16 ተቀብለው ወደ ቬትናም ሲልኩ፣ አዲሱ ጠመንጃ ልባጭ አልነበረውም። ቬትናም ሙቀትና ዝናብ የማይለያት አገር ናት። ወታደሮቹ ይህ ጠመንጃ ብዙ መወልወል አያስፈልገውም እየተባለ ተነገራቸው፤ መወልወያ ዘንግና ዕቃም በበቂ አልተሰጣቸውም። በዚህ ላይ ጠመንጃው መጀመሪያ ከተፈተነበት ባሩድ ሌላ፣ ብዙ ጥላሸት የሚተው ባሩድ በጥይቱ ውስጥ ተደረገ።

ውጤቱን መገመት አያዳግትም። ጥይቱ የሚተኛበት ክፍል በዝገት እየተቦረቦረ ሻከረ። ጥይቱ ሲተኰስ የሚለጠጠው የናስ ቀለህ በዚያ ሻካራ ክፍል ውስጥ ተጣብቆ አልወጣም አለ። ቀለሁን ለማውጣት ያለው መንገድ በአፈሙዙ በኩል ዘንግ አስገብቶ መግፋት ነው፤ ጠላት ከፊትህ ሆኖ እየተኰሰ ይህን ለማድረግ ሞክር! ከውጊያ በኋላ የፈታቱት ጠመንጃ በአጠገባቸው ሆኖ የሞቱ ወታደሮች ተገኙ። ልጆቹ ለወላጆቻቸው በጻፏቸው ደብዳቤዎች ነገሩ ተሰማ፤ የአሜሪካ ምክር ቤትም በ1967 መርማሪ ንኡስ ኮሚቴ አቁሞ ጕዳዩን አጣራ።

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ጥይቱ የሚተኛበት ክፍል፣ ኋላም የአፈሙዙ ውስጥ በሙሉ በክሮሚየም ተለበጠ። መወልወያ ዕቃ ታደለ፤ ዊል አይዝነር የተባለው የታወቀ ሥዓሊም ጠመንጃው እንዴት እንደሚጸዳ በሥዕልና በቀልድ የሚያስተምር መጽሐፍ ሠራ። ጥፋቱ ሁሉ የልባጩ አለመኖር ነው ለማለት አይቻልም፤ ባሩዱም የራሱ ድርሻ አለው። ነገር ግን አንድ መንግሥት በቀድሞው ጠመንጃው ላይ ያደረገውን ጥበቃ ዝናም በሚበዛበት አገር ለሚዋጋ ልጅ መንፈጉ ይቅርታ የሚገባው ስሕተት አይመስለኝም።

በመትረየስ ላይ እሳቱ ከዚህም ይብሳል፤ ክሮሚየሙም ብቻውን አይበቃውም። ስለዚህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ጥይቱ ከሚተኛበት ክፍል ቀጥሎ ባለው የአፈሙዙ መነሻ ላይ ስቴላይት ከሚባል ብረት የተሠራ አጭር ቱቦ እንደ ገበር ማስገባት ጀመሩ። ስቴላይት ኮባልትና ክሮሚየም ያለበት፣ በግለት ጊዜ እንኳ ጥንካሬውን የማይለቅ ብረት ነው። የሠራው ማን መሰለህ? አትርሳው ያልኩህ ኤልውድ ሄይንስ ነው። እርሱ በ1925 ስለ ሞተ ብረቱ በመትረየስ ውስጥ ሲገባ አላየም።

ለክሮሚየም ልባጭ ዛሬ ሌላ ችግር መጥቶበታል። ለመለበጥ የሚያገለግለው የክሮሚየም ቅመም ለሠራተኞች ጤና አደገኛና ካንሰር የሚያመጣ ስለ ሆነ፣ በኤውሮፓ ያለ ልዩ ፈቃድ አይሠራበትም። ስለዚህ አንዳንዶች የብረቱን ገጽ በናይትሮጅን ያጠነክሩታል። ክብደት ለመቀነስ የሚፈልጉት ደግሞ ቀጭን የብረት ቱቦ በካርቦን ክር ይጠቀልላሉ። ይህ የተራራ አዳኞችና የባለጠጎች ነገር ነው።

ዒላማ ተኳሹና አዳኙ

አዳኝ ብትሆንና በባሕር አጠገብ ወይም ዝናም በሚበዛበት ደን የምትውል ቢሆን፣ የማይዝገው አፈሙዝ ድካም ያቀልልሃል። ሌሊት ድንኳን ውስጥ እርጥብ ሆኖ ቢያድር ጠዋት አያስደነግጥህም። ነገር ግን በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ አውሬው ከሩቅ ያይሃል፤ ስለዚህ ገጹን በአሸዋ ነፍተው ያደበዝዙታል። ብርዱ ከዜሮ በታች እጅግ በሚወርድበት አገር የምታድን ከሆንህ ግን ያ የነገርኩህን የድኙን ነገር አስብ። በ2004 አንድ የፊንላንድ ፋብሪካ በብረቱ ጕድለት ምክንያት አፈሙዛቸው እየፈነዳ ያስቸገሩትን የማይዝጉ ጠመንጃዎቹን ከገዢዎቹ መልሶ ለመሰብሰብ ተገድዷል። ዘወትር ጠመንጃውን የሚወለውል፣ በደረቅ አገር የሚኖር አዳኝ ስለ ውበቱ ብቻ ካልሆነ በቀር ተጨማሪ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት አይታየኝም፤ ለውበትማ ጥቁር ሰማያዊው ይበልጣል።

የማይዝገው ብረት እውነተኛ ቤቱን ያገኘው በዒላማ ተኳሾች ዘንድ ነው። እነዚህ ሰዎች በጭቃ አይሄዱም፤ ዝናምም አያስጨንቃቸውም። የሚፈልጉት ከመቶ ሜትር ርቀት አምስት ጥይት በአንዲት ቀዳዳ አካባቢ እንዲገባላቸው ነው። ለዚህ ደግሞ የክሮሚየም ልባጭ አይሆናቸውም፤ ልባጩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ውፍረት እንዲኖረው ማድረግ አስቸጋሪ ነው። 416 ብረት ግን ጥርት ብሎ ይቈረጣል። ሠሪው ቦዩን ከቀረጸ በኋላ የቀለጠ እርሳስ ከውስጡ አፍስሶ በቅርጹ ልክ ያወጣል፤ እርሳሱን በማለስለሻ ዱቄት ቀብቶ በእጁ ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ ውስጡን ያለሰልሰዋል። የአሠራሩ ሰዓት ረጅም ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው።

እሳቱ ግን ይህንንም አይምረውም። ብዙ ተኳሾች የማይዝገው ከሌላው ይልቅ ትክክለኛነቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይጠብቃል ይላሉ፤ ልዩነቱ ግን የጥይቱን ዓይነት ያህል አይደለም። 308 ዊንቸስተር በሚባለው መካከለኛ ጥይት አንድ አፈሙዝ 5,000 ጊዜ ያህል ቢተኰስበት ደኅና ነው ይባላል። ባሩዱ ብዙ፣ አፈሙዙ ጠባብ በሆነበት ፈጣን ጥይት ግን ከ1,500 በፊት ሊያልቅ ይችላል። ተኳሹም አፈሙዙን እንደ አሮጌ ጎማ አውልቆ ሌላ ያስገባል።

በአዲሱ አፈሙዝ ላይ የታተመውን ቍጥር አይተህ ብረቱ ከምን እንደ ተሠራ ብትመረምር፣ ክሮሚየሙ ከ12 እስከ 14 እጅ መሆኑን ታገኛለህ። ብሬርሊ ለጠመንጃ ብሎ ያቀለጠው፣ ሼፊልድም ለቢላዋ የወሰደበት ብረት 12.8 ነበር።